አምባ የሚወድቀው ከሥሩ ነው! (አምባ አራዳም፣ ሮም እና እኛ)

ከፒኜቶ፣ ሮም

ጣሊያኖች “አምባራዳን” የምትል ቃል አለቻቸው። ዝብርቅርቅ፣ ትርምስ፣ መላ ቅጡ የጠፋ ነገር ማለት ነው። ቤት ሲለቀቅ ዕቃው በየኮሪደሩ ሲከመር “ይሄ ምን ዓይነት አምባራዳን ነው!” ይባላል። እኔ በምኖርበት በፒኜቶ ሠፈር ከቡና ቤቱም ከገበያውም ቃሏን ሳልሰማ የማልፍበት ሳምንት ጥቂት ነው። ሕፃን አዋቂው ይጠቀምባታል፤ በመዝገበ ቃላቶቻቸውም ሰፍራለች። አብዛኛው ተናጋሪ ግን የአንድ ተራራ ስም እንደሆነች፣ ተራራውም ኢትዮጵያ ውስጥ እንደሚገኝ አያውቅም።

የሚያውቁት ጥቂቶች ደግሞ አንድ ማብራሪያ አላቸው። “በዚያ ጦርነት ላይ የአገሬው ሰው አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ እየወገነ ማን ከማን ጋር እንደሚዋጋ የማይለይበት ትርምስ ስለነበር፣ ወታደሮቻችን ቃሉን ይዘውት ተመለሱ” ይላሉ። እንግዲህ ልብ በሉ! በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ያለቁበት ተራራ በሮም አንደበት ላይ የተዘበራረቀ ጓዳ መጠሪያ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የወጋው መርሳቱ ብቻ አይደለም። እኛ የተወጋነውስ አምባ አራዳምን ምን ያህል እናውቀዋለን? አድዋን እናከብራለን፤ ማይጨውን እናነሳለን፤ አራዳምን ግን “በመርዝ ጋዝ ፈጁን” ብለን በአንድ ዓረፍተ ነገር እናልፈዋለን። የጋዙ ነገር እውነት ነው፤ ማንም ሊክደው አይችልም። ነገር ግን የእውነቱ ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ስለሚያሳፍረን አንናገረውም። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ሁለቱንም ግማሾች አንድ ላይ ለማስቀመጥ ነው። (የአገር ቤቱን ዘመን በእኛው አቆጣጠር፣ የአውሮፓውን “እ.ኤ.አ.” እያልኩ እጽፋለሁ።)

ተራራውና በላዩ የነበሩት

አምባ አራዳም በእንደርታ፣ ከመቀሌ በስተደቡብ፣ በሕንጣሎ አጠገብ የሚገኝ አናቱ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ገደል የሆነ ተራራ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ይበልጣል። ከመቀሌ ወደ አምባ አላጌ፣ ወደ ማይጨው፣ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ቁልቁል ይመለከታል። ስለዚህ ከሰሜን የመጣ ጠላት አራዳምን ሳያስለቅቅ ወደ መሐል አገር መዝለቅ አይችልም።

ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ ከገባ በኋላ መቀሌን በጥቅምት መጨረሻ ያዘ። ሙሶሊኒ በጄኔራል ዴ ቦኖ ዝግታ ተበሳጭቶ በምትኩ ማርሻል ባዶሊዮን ሾመ። በታኅሣሥና በጥር ግን የኢትዮጵያ ጦር መልሶ ማጥቃት ጀመረ። ራስ እምሩ በሽሬ በኩል ደምበጉና ላይ የጣሊያንን ጦር ከነታንኮቹ መቱት። ራስ ካሳና ራስ ሥዩም በተምቤን ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹን እጅግ አስጨነቋቸው። ባዶሊዮም መቀሌን ለቆ ለመውጣት እስከማሰብ ደርሶ ነበር። “ኢትዮጵያውያን ገና ከመጀመሪያው ተሸንፈው ነበር” የሚለው ወሬ ሐሰት መሆኑን እዚህ ላይ አስምሩበት።

በአራዳም ላይ የሰፈሩት የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ ይገዙ ነበሩ። በዕድሜ የገፉ፣ በአድዋ የዘመቱ አርበኛ ናቸው። ከአዲስ አበባ ይዘውት የወጡት ማዕከላዊው ጦር፣ መሐል ሰፋሪው፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዋና ኃይል ነበር። ጣሊያኖች ቁጥሩን እስከ 80,000 ገምተውታል። ዋሻዎቹ ተጠናክረዋል፤ ገደሎቹ ተመሽገዋል። ከፊት ለፊት ለሚመጣ ጠላት አራዳም የማይደፈር አምባ ነበር።

ስድስቱ ቀናት

ችግሩ ባዶሊዮ ከፊት ለፊት አለመምጣቱ ነው። ወደ 70,000 ወታደር፣ 280 መድፍና 170 ያህል አውሮፕላን አሰልፎ የካቲት 2 ቀን 1928 ዓ.ም. ዘመቻውን ጀመረ። ተራራውን ለመውጣት አልቸኮለም። አንዱን ኮር በምሥራቅ፣ ሌላውን በምዕራብ አድርጎ በሁለት ክንድ አቀፈው። ሁለቱ ክንዶች ከተራራው ጀርባ፣ በሕንጣሎ በኩል እንዲገናኙ ነበር ዕቅዱ። በዚህ መሐል መድፉና አውሮፕላኑ አናቱን ያለፋታ ይደበድቡ ነበር።

የእኛ ሰዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። ክንዶቹ ሳይገጥሙ በፊት ለመበጠስ ከተራራው ቁልቁል እየወረዱ ተዋግተዋል። ሆኖም ከገደሉ ጥላ ወጥቶ ሜዳ ላይ የዋለ እግረኛ ለመድፍና ለመትረየስ የተሰጠ ነው። ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ከስም የማያልፍ፣ ጠመንጃውም አብዛኛው ያረጀ ነበር።

ከዚያ ላይ ጋዙ ይታከልበት። የጣሊያን ታሪክ ጸሐፊዎች ከራሳቸው ጦር መዛግብት እንዳወጡት፣ በአራዳም ላይ ከ1,300 በላይ አርሲን የተባለ መርዝ የያዙ የመድፍ ጥይቶች ተተኩሰዋል። ከአውሮፕላን የሚጣለው ደግሞ ኢፔሪት፣ ማለትም የሰናፍጭ ጋዝ ነበር። መርዝ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ ቁልቁል እየወረደ ወደ ዋሻና ወደ ጉድጓድ ይገባል። ወታደሩን ከቦምብ የሚያድነው ዋሻ ከጋዝ አያድነውም፤ እንዲያውም ወጥመድ ይሆንበታል። ኢፔሪት ቆዳን ያቃጥላል፤ ሣሩ ላይ፣ ውሃው ላይ፣ መንገዱ ላይ ይቀራል። ባዶ እግሩን የሚሄድ ገበሬና ሣር የምትግጥ በቅሎ መሸሺያ የላቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ለመንግሥታት ማኅበር የተናገሩት ይህንኑ ነበር። ጣሊያን ግን ለ60 ዓመት ካደች። ጋዝ መጣሏን በመከላከያ ሚኒስትሯ በኩል ያመነችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ያውም አንጄሎ ዴል ቦካን የመሰሉ የራሷ ታሪክ ጸሐፊዎች ለዓመታት ከተሟገቱና “አገር ከዳተኛ” ተብለው ከተሰደቡ በኋላ።

የካቲት 7 ቀን ክንዶቹ ሊገናኙ ተቃረቡ። የራስ ሙሉጌታ ጦር ጨርሶ ከመከበቡ በፊት ወደ ደቡብ ማፈግፈግ ጀመረ። በዚያው ዕለት የፋሺስት ባንዲራ በአራዳም አናት ላይ ተተከለ። ጣሊያኖች የራሳቸውን ሙትና ቁስለኛ 800 ያህል፣ የእኛን ደግሞ 6,000 ሙትና 12,000 ቁስለኛ ብለው መዘገቡ። እነዚህ ቁጥሮች የጠላት ቁጥሮች ናቸው፤ ከወደቁት የአብዛኞቹን ስም የመዘገበ ግን ከሁለቱም ወገን የለም።

ከተራራው ሥር የነበረው ሕዝብ

ጦርነቱ በዚህ ቢያበቃ “በመሣሪያ ብልጫ ተሸነፍን” ብለን በሐቅ መናገር እንችል ነበር። ግን አላበቃም። የራስ ሙሉጌታ ሠራዊት የተበተነው ተራራው ላይ ብቻ ሳይሆን በማፈግፈጊያው መንገድም ጭምር ነው። ከላይ አውሮፕላን፣ ከጎን ደግሞ የራያና የአዘቦ ታጣቂ ይፈጀው ነበር። የራሱ የልጃቸው የታደሰ ሕይወት በዚያ መንገድ ላይ ጠፋ። ራስ ሙሉጌታም ብዙ ቀን ሳይቆዩ፣ የካቲት 19 ቀን ወደቁ። አምባ አላጌ የካቲት 20 ቀን ያለ ውጊያ ተያዘ።

እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን “ባንዳ!” ብለን መጽሐፉን የምንዘጋው። ጣሊያን ለእነዚያ ታጣቂዎች ብርና ጠመንጃ ማደሉ እርግጥ ነው። ግን ወገኖቼ፣ ብርና ጠመንጃ ብቻውን አንድን ሕዝብ በገዛ አገሩ ጦር ላይ ያስነሳል? ከጦርነቱ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1921 እና በ1922 ዓ.ም. ራያና አዘቦ አምፆ ነበር። መንግሥትም አመፁን በኃይል ደፍጥጦታል። ቂሙ ገና ትኩስ ነበር። ለዚያ ገበሬ ከሰሜን የመጣው ጠላትና ከደቡብ የመጣው ቀጪ ሁለቱም ባዕዳን ሆነው ታይተውት ከሆነ፣ ጥፋቱ የማን ነው?

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በ1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ በበጌምድር ሲያምፁ ሊወጓቸው የተላከው ጦር አዛዥ እኚሁ የጦር ሚኒስትሩ ሙሉጌታ ይገዙ ነበሩ። አንቺም በተባለው ቦታ መንግሥት በራስ ጉግሣ ጦር ላይ አውሮፕላን ላከ፤ ወረቀትም ቦምብም ጣለ። ራስ ጉግሣ እዚያው ተገደሉ። ቀኑ መጋቢት 22 ነበር። ልክ በስድስተኛው ዓመት መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ማይጨው ላይ በጣሊያን አውሮፕላን ሥር ዋሉ። ይህን የማነሳው አንዱን ከሌላው ለማስተካከል አይደለም። ወራሪና የአገር መንግሥት አንድ አይደሉም። ግን በገዛ ወገን ላይ ከሰማይ እሳት ማውረድ ሲጀመር አጨብጭበን፣ ባዕድ ሲያወርድብን ብቻ ማልቀስ አይበቃም።

በሌላ በኩል ደግሞ መሪዎቹ ራሳቸው አንድ ልብ አልነበሩም። የንጉሠ ነገሥቱ አማች የነበረው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ጦርነቱ በተጀመረ በቀናት ውስጥ ለጣሊያን ገባ። በተምቤን የነበሩት ራስ ካሳና ራስ ሥዩም ለአራዳም አልደረሱለትም። ባዶሊዮም አራዳምን ከጨረሰ በኋላ ወደ ተምቤን፣ ከዚያም ወደ ሽሬ እየዞረ አንድ በአንድ መታቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው እኛ ነን፤ የእኛን ድር በተናጠል የበጠሰው ደግሞ እሱ ነው።

ሌሎቹም አምባዎች የሚሉት ይህንኑ ነው

አራዳም ብቻውን ቢሆን እንደ አጋጣሚ በወሰድነው። ግን የአገራችንን አምባዎች ታሪክ በተርታ ስናየው አንድ ነገር ይደጋገማል። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የወደቁት ገደሉ አንሶ አይደለም። ናፒየር ከዙላ ተነስቶ መቅደላ እስኪደርስ መንገድ የዘጋበት የለም፤ በሥሩ ያለው አገር ከንጉሡ ርቆ ነበር።

ወደ 1888 ዓ.ም. ኑ። በእንዳ ኢየሱስ፣ መቀሌ፣ ጣሊያኖች የማይደፈር ምሽግ ሠርተው ተቀመጡ። የእኛ ጦር በጥቃት ሊሰብረው ሞክሮ ብዙ ሰው አለቀበት። ምሽጉን ያስለቀቀው የእቴጌ ጣይቱ ምክር ነው፦ የውሃውን ምንጭ መያዝ። ምንጩ ደግሞ ከምሽጉ ሥር ነበር። ጋሊያኖ በጥር ወር ለቆ ወጣ፤ በየካቲት 23 አድዋ ሆነ።

አሁን ደግሞ ወደ 1933 ዓ.ም. ኑ። የጣሊያን ምክትል ንጉሥ የአኦስታው መስፍን ስንቅና ጥይት ይዞ አምባ አላጌ ላይ መሸገ። የሕንድ፣ የደቡብ አፍሪካና የእንግሊዝ ጦር ከወዲህና ከወዲያ ያዘው። ከአምስት ዓመት በፊት በተምቤን የተመቱት ራስ ሥዩም ደግሞ ከአርበኞቹ ጋር በሌላ በኩል መጡ። በመድፍ የተመታ የነዳጅ ክምችት ፈስሶ የመጠጥ ውሃውን አበላሸው። ግንቦት 11 ቀን እጅ ሰጠ። ያ ሁሉ ገደል አላዳነውም፤ ምክንያቱም በሥሩ ያለው ሕዝብ ከእሱ ጋር አልነበረም።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። አምባ የሚወድቀው ከሥሩ ነው። በሥሩ ያለውን ገበሬ የበደለ መንግሥት በአናቱ ላይ የፈለገውን ያህል ቢመሽግ ዋስትና የለውም። ይህ ለሙሶሊኒም፣ ለእኛ ነገሥታትም፣ ከነሱ በኋላ ለመጡትም ሁሉ ሠርቷል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ትግራይ ውስጥ ያሉ ተራሮች እንደገና ምሽግ ሆነው የኢትዮጵያ ልጅ በኢትዮጵያ ልጅ ላይ ተኩሶባቸዋል። ያን ጊዜም ከሁሉም ወገን “ባንዳ” የሚለው ቃል እንደ ውሃ ሲፈስ ሰምተናል። አንድን ሕዝብ በጅምላ ባንዳ የሚል ሰው ከአራዳም የተማረው ነገር የለም።

ሮም ስሙን ምን አደረገችው?

ወደ ሮም ልመልሳችሁ። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ከቴርሚኒ ስትወጡ የሚቀበላችሁ አደባባይ “የአምስት መቶዎቹ አደባባይ” ይባላል። እነዚያ አምስት መቶ ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የፈጇቸው ወታደሮች ናቸው። ቪያሌ ኤርትራ፣ ቪያሌ ሊቢያ፣ ቪያሌ ሶማሊያ የሚባሉ ጎዳናዎች ያሉበት “የአፍሪካ ሠፈር” የሚሉትም አላቸው። የአክሱም ሐውልታችንም ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት በዚህ ከተማ ቆሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ተመልሷል።

ከፒኜቶ በሜትሮ “ሲ” መስመር ተሳፍራችሁ ሎዲን፣ ከዚያ ሳን ጆቫኒን ካለፋችሁ በኋላ ያለው ጣቢያ “አምባ አራዳም” ተብሎ እንዲጠራ ታስቦ ነበር። ከላዩ የሚያልፈው መንገድ ቪያ ዴል አምባ አራዳም ስለሆነ ነው። ሲቆፍሩ እ.ኤ.አ. በ2016 የጥንታዊቷ ሮም ወታደሮች ሰፈር ከመሬት ሥር ወጣ፤ የዓለም ጋዜጦችም ጻፉለት። ስለ ተራራው ግን የጠየቀ አልነበረም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የጆርጅ ፍሎይድ ሞት ዓለምን ሲያናውጥ የሮም ወጣቶች ጥያቄ አነሱ። “ጣቢያው የግፍ መታሰቢያ አይሁን፤ በጆርጆ ማሪንኮላ ስም ይጠራ” አሉ። ማሪንኮላ ከሶማሌ እናትና ከጣሊያን አባት የተወለደ፣ ፋሺስቶችንና ናዚዎችን በጫካ የተዋጋ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 1945 ሰሜን ጣሊያን ውስጥ የተገደለ የ21 ዓመት ወጣት ነው። የከተማው ምክር ቤት በዚያው ዓመት በነሐሴ ሐሳቡን ተቀበለው። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 ሲከፈት ግን ስሙ አምባ አራዳምም፣ ማሪንኮላም አልነበረም። ከአጠገቡ ባለው ጥንታዊ የከተማ በር ስም “ፖርታ ሜትሮኒያ” ተባለ። ማንንም የማያስቀይም፣ ማንንም የማያስተምር ስም!

አንዳንድ ወገኖች “ስሙ መነሳቱ ድል ነው” ይላሉ። እኔ አልስማማም። እኔ የምፈልገው የአራዳም ስም ከሮም እንዲጠፋ አይደለም። ከነእውነቱ እንዲቆም ነው። “በዚህ ስም የሚጠራው ተራራ ላይ በየካቲት 1936 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ጦር መርዝ ጋዝ ተኩሷል” የሚል አንድ ሰሌዳ በመንገዱ ጥግ ቢሰቀል ከአሥር የስም ለውጥ ይበልጣል። ለዚህ መሠረት አለ፦ የሮም ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 የቅኝ ግዛት ስም በያዙ መንገዶች ላይ ማብራሪያ እንዲታከል የሚጠይቅ ሐሳብ አጽድቋል። ሐሳቡ ወረቀት ላይ እንዳይቀር መወትወት የእኛ የዳያስፖራዎቹ ድርሻ ነው።

ጣሊያን ሁሉ ልበ ደንዳና አይደለም። በፒኜቶ አብረውኝ በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ሲኞራ አሉ። አንድ ቀን ዕቃ ሳግዛቸው ያቺን ቃል ተናገሩ። “ሲኞራ፣ ይህ እኮ የአገሬ ተራራ ስም ነው” አልኳቸውና የሆነውን በአጭሩ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 1943 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ሳን ሎሬንሶንና ይህን አካባቢ ሲደበድቡ ሕፃን ሆነው ያዩትን አወሩኝ። ይህ ሠፈር ከሰማይ የሚወርድ ሞት ምን እንደሆነ ያውቃል። ሮሴሊኒ “ሮም ክፍት ከተማ” የሚለውን ፊልም ሲሠራ፣ አና ማኛኒ የጀርመኖቹን ካሚዮን ተከትላ ስትሮጥ በጥይት የምትወድቅበትን ትዕይንት የቀረጸው እዚሁ ፒኜቶ፣ በቪያ ሞንቴኩኮሊ ነው። ሕዝቡ የራሱን ሙታን ያከብራል። የእኛን የማያከብረው የነገረው ስለሌለ ነው። እኚያ ሲኞራ ቃሏን እኔ ባለሁበት ደግመው አልተናገሯትም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እዚህ አገር የተወለዱ ልጆቻችን “አምባራዳን” የሚለውን ቃል ከትምህርት ቤት ይዘው ሲመጡ ትርጉሙን እኛ እንንገራቸው። ሁለተኛ፣ በየካቲት 12 የሰማዕታት ቀን በሮም ስንሰበሰብ የካቲት 7ን አብረን እናስብ፤ ሁለቱን የሚለያያቸው አምስት ቀን ብቻ ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ታሪኩን ስንናገር ሙሉውን እንናገር። ጋዙን ለጣሊያኖች እንንገራቸው፤ የራያን በደል ደግሞ ለራሳችን እንንገር። አንዱን ይዞ ሌላውን የሚጥል ሰው ታሪክ ሳይሆን ማስታወቂያ ነው የሚያወራው።

በአራዳም ዋሻዎች ውስጥ በመርዝ የታፈኑት ከሸዋም፣ ከወሎም፣ ከሌላውም ማዕዘን የመጡ የኢትዮጵያ ልጆች ነበሩ። ከተራራው ሥር ሆኖ የሚያያቸው ገበሬም የኢትዮጵያ ልጅ ነበር። የሚቀጥለው ወራሪ ከየትም ይምጣ፣ ላይኛውና ታችኛው ወገን ሳይታረቁ ከጠበቁት ውጤቱ ያው ነው። መታረቂያው ጊዜ ጠላት ሲመጣ ሳይሆን ዛሬ ነው።

ለአራዳም ሰማዕታት ክብር ይሁን!
ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!